የማይንቀሳቀሰው ባትሪ

ቤታችሁ የብሎን መፍቻ ካለ እስቲ ብድግ ብላችሁ አምጡት። መገናኛ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ሬዲዮ ከፍታችሁ የምትሠሩ፣ ወይም ሾላ ገበያ የእጅ መሣሪያ የምትሸጡ ከሆነማ መነሣትም አያስፈልጋችሁ፤ አጠገባችሁ ነው። እጀታውን ወደ ብርሃን አዞር አድርጋችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ሁለት ቃላት ተቀርጸውበታል፤ ሲነበቡ ክሮም ቫናዲየም ይላሉ። ሁለቱም ከብረቱ ጋር በጥቂቱ የተቀላቀሉ ማዕድናት ናቸው። የዛገ ብሎን ላይ ሙሉ ጉልበታችሁን ስትጥሉበት መፍቻው የማይጣመመውና የማይሰበረው በእነሱ ምክንያት ነው።

የቫናዲየሙ መጠን እጅግ ትንሽ ነው። ለአንድ ቶን ብረት አንድ ሁለት ኪሎ ቢገባ ነው። የካ አባዶና ኮተቤ ላይ በየሕንፃው ፌራዮዎች የሚያስሩት ፌሮም፣ ጠንካራ ከሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ከዚያም ያነሰ ቫናዲየም ሊኖርበት ይችላል። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1908 ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና ሲያወጣ ቀላልም ጠንካራም ያደረጋት በቫናዲየም ብረት ነበር። እስከ ዛሬም ዓለም በየዓመቱ ከሚያመርተው ቫናዲየም ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚሄደው ወደዚሁ ወደ ብረት ሥራ ነው። የዛሬው ዝግጅታችን የሚያተኩረው ግን በቀሪው አንድ እጅ ላይ ነው፤ በተለይም ቫናዲየም ኤሌክትሪክን አጠራቅሞ በሚያቆይበት ሥራ ላይ።

ነገሩን ከእንጦጦ እንጀምረው። ከተማችን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ልትለቀቅ የደረሰችበት ጊዜ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋን ካለችበት ያቆያት በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። አዲስ ዓለም የተሠራው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፤ ከተማዋም እዚሁ ቀጠለች።

እንጨት የተጠራቀመ ፀሐይ ነው። ዛፉ ለዓመታት ያጠራቀመውን በአንድ ምሽት ምድጃ ውስጥ እናወጣዋለን። ማለዳ ላይ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ ኮተቤ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ጎንበስ ብለው፣ ደረታቸው ላይ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቁልቁለቱን በሩጫና በእርምጃ መካከል በሆነ አካሄድ ይወርዱታል። ጀርባቸው ላይ ያለው ጭራሮ ብዙ ጊዜ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። የ30 ኪሎው ሸክም እንግዲህ 120 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህችን 120 ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ተራራው ላይ ከፍ ስንል ደግሞ የእንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከልን እናገኛለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ የምድር መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እዚሁ ነበር። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነው። እንዲህ ያለች ሳተላይት ምድርን አንዴ ለመዞር ከ100 ደቂቃ ያነሰ ይበቃታል፤ ከዚያም ውስጥ ሲሶ ያህሉን ምድር ፀሐይን ትጋርድባታለች። ፀሐይ ሲጋረድ ከሶላር ፓነሏ የሚመጣ ነገር የለም፤ እስክትወጣ ድረስ የሚያቆያት ባትሪ ነው። ወደ ሰማይ በሚላክ ዕቃ ደግሞ እያንዳንዷ ግራም ገንዘብ ናት። ስለዚህ የሳተላይት ባትሪ ትንሽና ቀላል መሆን አለበት፤ ለዚህ ሊቲየምን የሚስተካከል አልተገኘም። ኪሳችን ውስጥ ባለው ስልክ፣ ከተማችንን እየሞላ ባለው የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥም ያለው እሱው ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ክብደት ይጠላል።

የማይንቀሳቀሰውስ? ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ከተተከለበት ንቅንቅ አይልም። ባትሪው መቶ ኪሎ ሆነ መቶ ቶን፣ መሬቱ ይችለዋል። ባትሪ ሲነሣ ሁልጊዜ ሊቲየም ብቻ የሚታወሰን፣ ባትሪን ያወቅነው በስልክ በኩል ስለሆነ ይመስለኛል። የቫናዲየም ባትሪ የተሠራው ለቆመ ነገር ነው፤ ስለዚህ በስልክ ሚዛን ከመዘንነው ገና ከጅምሩ ይወድቃል።

አሠራሩን ለማስረዳት ከሮቶ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ሮቶንና ፓምፕን በደንብ ታውቃላችሁ። ሮቶው ሲተልቅ ውሃው ብዙ ቀን ያቆያል። ፓምፑ ሲተልቅ ውሃው በኃይል ይመጣል እንጂ ቀን አይጨምርም። ሁለቱ ለየብቻ የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው። በተለመደው ባትሪ ግን ሮቶውና ፓምፑ አንድ ላይ ተጣብቀው ነው የሚሸጡት፤ ብዙ ሰዓት የፈለገ ሰው ሙሉውን ዕቃ ደግሞ ይገዛል። የቫናዲየም ባትሪ ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ሁለት ትልልቅ ታንከሮች አሉት፤ በሁለቱም ውስጥ ቫናዲየም የሟሟበት አሲድ አለ። አሲዱ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ሹፌሮቻችን የሚያውቁት ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሁለት ፓምፖች ፈሳሹን ከየታንከሩ እየሳቡ መሃል ላይ ወዳለ ሳጥን ይገፉታል። ሳጥኑ ውስጥ የካርቦን ጨርቅ አለ፤ በጨርቆቹ መካከል ደግሞ ሁለቱን ፈሳሾች የሚለይ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተዘርግቷል። ፈሳሾቹ በግራና በቀኝ ያልፋሉ እንጂ አይቀላቀሉም። ኤሌክትሮን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መሄድ ሲፈልግ መንገዱ በሽቦ በኩል ነው፤ እኛም አምፖላችንንና ማቀዝቀዣችንን እዚያ ሽቦ ላይ እንሰካለን። ቻርጅ ሲደረግ ነገሩ ሁሉ በተቃራኒው ይሄዳል።

አንድ ክፍል ብቻውን የሚሰጠው 1.26 ቮልት ገደማ ስለሆነ ብዙ ክፍሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ይታሰራሉ። ባትሪው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ኃይል መስጠት እንደሚችል የሚወስነው ይህ ሳጥን ነው፤ ለስንት ሰዓት መስጠት እንደሚችል የሚወስነው ደግሞ የታንከሩ መጠን። ከ4 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ከፍ ማድረግ የፈለገ ሳጥኑን አይነካውም፤ ታንከርና ፈሳሽ ይጨምራል።

አሁን ለምን ቫናዲየም እንደተመረጠ እንይ። ይህ ብረት ኤሌክትሮን ሲሰጥና ሲቀበል አራት ደረጃዎች ላይ መቆም ይችላል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቀለሙ ይለወጣል። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ሲሆን በአንዱ ወገን ያለው ፈሳሽ ቢጫ፣ በሌላው ወገን ያለው ሐምራዊ ነው። ኃይሉ እየተወሰደ ሲሄድ ቢጫው ወደ ሰማያዊ፣ ሐምራዊው ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ቻርጁ የት እንደደረሰ ከቀለሙ መገመት ይቻላል። ይህ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ በስስ ብርጭቆ ለሚያይ ሰው ነው። ትልቁ ታንከር ውስጥ ፈሳሹ ጠሊም ስለሚሆን ዓይን የሚያየው ጥቁር ነገር ብቻ ነው።

በዚሁ ቀለም ምክንያት የተሸወደ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1801 ሜክሲኮ ውስጥ አንድሬስ ማኑኤል ዴል ሪዮ የተባለ የማዕድን መምህር ከእርሳስ ማዕድን ውስጥ ማንም የማያውቀውን ነገር አወጣ፤ ከእሱ የሚሠሩት ጨዎች ቀለማቸው የበዛ ነበር። ናሙናው ፓሪስ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1805 አንድ ፈረንሳዊ ኬሚስት መረመረውና ክሮሚየም ነው ብሎ ፈረደ። ዴል ሪዮም ፍርዱን ተቀብሎ ግኝቱን ተወ። እ.ኤ.አ. በ1830 ስዊድናዊው ኒልስ ሴፍስትሮም ያንኑ ነገር ከአገሩ ብረት ውስጥ አገኘና በሰሜን አውሮፓ ጥንታዊት የውበት አምላክ ስም ቫናዲየም አለው። የሜክሲኮው ናሙና እንደገና ሲታይ ለካስ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ዴል ሪዮ ገና ከመጀመሪያው ትክክል ነበር። ቃሉ ከፓሪስ ስለመጣ ብቻ የራሱን ዓይን ያላመነ ሰው! እንዲህ ያለው ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ፈሳሽ በፓምፕ የሚዞርበት ባትሪ ሐሳብ ግን ከቫናዲየም ይቀድማል። የአሜሪካው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአንድ ወገን ብረት፣ በሌላው ክሮሚየም አድርጎ ሞክሮታል። መሃል ያለው ስስ ሽፋን ፍጹም ስላልሆነ አንዱ ፈሳሽ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ይሾልካል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑም ባትሪው እየተበከለ ይደክማል። መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያመጡት በሲድኒ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ማሪያ ስካይላስ ካዛኮስ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በሁለቱም ወገን ያንኑ ቫናዲየም አደረጉ። ከዚህ በኋላ ቢሾልክስ? ቫናዲየም ወደ ቫናዲየም ነው የገባው። ፈሳሹን አደባልቆ፣ አስተካክሎ እንደገና ቻርጅ ማድረግ ይበቃል፤ የሚጣል ነገር የለም። ባሕር ዛፉም ይህ ባትሪም ከአንድ አህጉር መምጣታቸው አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ደስ ይላል።

ከዚህ የሚከተል ትልቅ ነገር አለ። በቫናዲየም ባትሪ ውስጥ ቫናዲየሙ አያልቅም። ፓምፑ ያረጃል፤ ሽፋኑ ይቀየራል፤ ፈሳሹ ግን ከ20 ዓመት በኋላም እዚያው አለ። ወደ ሌላ ባትሪ ሊገለበጥ ወይም ቫናዲየሙ ወጥቶ ለብረት ፋብሪካ ሊሸጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ኩባንያዎች ፈሳሹን አይሸጡም፤ ያከራያሉ። ሌላው ጥሩ ነገር እሳት ነው። ፈሳሹ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አይነድም። ይህ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም፤ አሲድ ነው፣ ቫናዲየሙም መርዛማ ነው። ታንከሩ ቢቀደድ የፈሰሰውን ሁሉ የሚይዝ ገንዳ ከሥሩ መሠራት አለበት።

አሁን ወደ ሒሳባችን እንምጣ። አንድ ሊትር የቫናዲየም ፈሳሽ የሚይዘው 25 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ደግሞ 3 ተኩል ኪሎዋት ያህል ይስባል። አንድ ሰዓት እንጀራ የምትጋግር ሴት 140 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋታል፤ ይህ ከ200 ሊትር በርሜል ሁለት ሦስተኛው ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ከ11 ኪሎ የማያንስ ቫናዲየም ሟሙቷል። ያቺ ከእንጦጦ የወረደች እናት የተሸከመችውን 120 ኪሎዋት ሰዓት በዚህ ባትሪ እንያዘው ብንል ወደ 5 ሺህ ሊትር እንፈልጋለን! እርግጥ ጉልቻ ላይ ከሚነደው ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ድስቱ ጋ የሚደርሰውን ብቻ ብንቆጥር 480 ሊትር ይሆናል። ያም ቢሆን ከሁለት በርሜል በላይ ነው፤ በአንዲት ሴት ጀርባ። ለማገዶ የሚሆን እንጨት ለምን እስከ ዛሬ አልተሸነፈም ለሚል፣ ግማሹ መልስ እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው።

ሊቲየም በአንድ ሊትር የሚይዘው ከቫናዲየሙ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። ሌላም ድክመት አለ። ወደ ቫናዲየም ባትሪ 10 ኪሎዋት ሰዓት ብናስገባ መልሰን የምናገኘው 7 ወይም 7 ተኩል ነው፤ ቀሪውን ፓምፖቹና ሙቀቱ ይበሉታል። ሊቲየም 9 ይመልሳል። ስለዚህ የቫናዲየም ባትሪ ግቢው ሰፊ፣ ዕድሜው ረጅም፣ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት የሚሠራ ካልሆነ ትርፉ አይታይም። በዓለም ላይ እየተተከለ ያለውም እንደዚያው ነው። የጃፓኑ ሱሚቶሞ ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2015 ሆካይዶ ደሴት ላይ 15 ሜጋዋት ለ4 ሰዓት የሚሰጥ ተከለ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2022 ዳሊያን ከተማ ላይ 100 ሜጋዋት ለ4 ሰዓት፣ በጠቅላላው 400 ሜጋዋት ሰዓት የሚይዝ አሠራች።

ከአየር ጠባይ አንፃር ካየነው ደጋው ይመቸዋል። የቫናዲየም ፈሳሽ የሚወደው ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ40 ሲያልፍ ቢጫው ወገን መርጋት ይጀምራል፤ ደለሉ ወደ ሳጥኑ ገብቶ መንገዱን ይዘጋል። በጣም ሲቀዘቅዝም ሌላው ወገን ይረጋል። ሰመራ ወይም ጎዴ ላይ ብንተክለው ማቀዝቀዣው ራሱ ኃይል ይበላል። አዲስ አበባ ግን ቀኑ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሚዋልልባት ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የካ ክፍለ ከተማ ላይ ከ10 በታች ይወርዳል፤ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የእንጦጦ አናት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሆኖም በሺህ የሚቆጠር ሊትር ፈሳሽ በአንድ ሌሊት አይቀዘቅዝም፤ ቤት ውስጥ ከሆነና ፓምፑ እየሠራ ከሆነ ሙቀቱን ይይዛል።

ግን ለእኛ ምን ያደርግልናል? የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሐይቁም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ያ ሐይቅ ራሱ ባትሪ ነው፤ ክረምት የሞላውን በበጋ ያወጣል። ቫናዲየም ከእሱ ጋር ይወዳደራል ማለት ቀልድ ነው።

ይሁን እንጂ ግድቡ ሞልቶ የካ ሊጨልም ይችላል። ግድቡ ካለበት ከጉባ የተነሣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ደዴሳን አልፎ ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ እንደ ኮተቤ ወዳሉት የከተማ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይሄዳል፤ ከማከፋፈያው ደግሞ በየመንገዱ በቆሙ ምሰሶዎች፣ ብዙዎቹ ከባሕር ዛፍ በተሠሩ፣ ወደ ሰፈር ትራንስፎርመር ይወርዳል። ማታ ሁሉም ምጣዱንና ምድጃውን ሲሰካ የሚጨነቀው ግድቡ አይደለም፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመርና የሰፈሩ ሽቦ ናቸው። የነሐሴ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጥቶ ከእንጦጦ ግርጌ ዛፍ ሽቦ ላይ ቢወድቅ፣ ጉባ ላይ ያለው ውሃ ሁሉ አይጠቅመንም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ክምችት መጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከተጠቃሚው አጥር አጠገብ የሚቀመጥ ነው። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ይሞላል፤ ማታ ሲጨናነቅ ያወጣል፤ መብራት ሲሄድም ይቆያል።

እንደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ያለ ተቋም አስቡ፤ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ሕሙማን ማዕከል የነበረውን። ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን፣ የደም ማቀዝቀዣ፣ የቀዶ ሕክምና መብራት ለአፍታም መቋረጥ የለበትም። ዛሬ በየቦታው ይህን የሚሸፍነው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። የቫናዲየም ባትሪ ተወዳዳሪው እንግዲህ ይህ ጄኔሬተር ነው፤ ናፍጣ በዶላር የሚገባ፣ ነድዶ የሚያልቅ። ቫናዲየምም በዶላር ነው የሚገባው፤ ግን አያልቅም። ለእኔ የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው አገር ይህ ልዩነት ከቴክኒኩ ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፤ ቫናዲየሙ በማን እጅ ነው? የዓለም ዓመታዊ ምርት 100 ሺህ ቶን ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከቻይና ይመጣል፤ ቀሪውን ሩሲያ፣ ደቡብ አፍሪካና ብራዚል ይካፈሉታል። የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ ቫናዲየምን በወሳኝ ማዕድናት መዝገባቸው ውስጥ ያስገቡት ለዚህ ነው። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ቫናዲየም ይፈለጋል። የዳሊያኑን 400 ሜጋዋት ሰዓት በ4 ኪሎ ብናሰላው 1,600 ቶን ይወጣዋል። እንዲህ ያሉ 62 ጣቢያዎች በአንድ ዓመት እንሥራ ብንል የዓለም ምርት በሙሉ ያልቃል፤ ለመፍቻና ለፌሮ አንድም ግራም አይተርፍም።

አብዛኛው ቫናዲየም ለብቻው አይቆፈርም። ቲታኒየም ካለበት የብረት ማዕድን ጋር አብሮ ይገኛል፤ ብረቱ ሲቀልጥ ቫናዲየሙ ወደ ጥቀርሻው ይሄዳል። ጥቀርሻው ከሶዳ ጋር ተቆልቶ በውሃ ሲታጠብ በመጨረሻ ሸክላ የሚመስል ብርቱካንማ ዱቄት ይወጣል፤ ዱቄቱ ሲተነፍሱት ሳንባ ይጎዳል። የቫናዲየም አቅርቦት የብረት ገበያ ተከታይ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይና የፌሮ ጥራት ደረጃዋን ከፍ ስታደርግ የቫናዲየም ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ ተተኩሶ ወጣ፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ተመልሶ ወረደ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የብረት ዋጋ ሲወድቅ፣ በአንድ ወቅት ከዓለም ዋነኛ የቫናዲየም ምንጮች አንዱ የነበረው የደቡብ አፍሪካው ሃይቬልድ የብረት ፋብሪካ ከስሮ ተዘግቷል። ባትሪ ሠሪ እንዲህ በሚዋልል ዋጋ ላይ የ20 ዓመት ዕቅድ መሥራት ይቸግረዋል።

የእኛ ምድርስ? የካ ውስጥ በግንብ ሥራ የምናየው ጥቁር ድንጋይ በአማካይ በአንድ ቶን 250 ግራም ያህል ቫናዲየም አለው። አንድ ባለ 10 ቶን ገልባጭ መኪና የጫነው ጥቁር ድንጋይ 2 ኪሎ ተኩል ቫናዲየም ይዞ ይሄዳል። ደስ አይበላችሁ፤ ለማውጣት የሚከፈለው ዋጋ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል። የተስፋው ድንጋይ ሌላ ቦታ ነው። ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አጠገብ ቢቅላል፣ እንዲሁም በሀገሪቱ ደቡብ መልካ አርባ የሚገኘው ቲታኒየም ያለበት የብረት ማዕድን በሌላው ዓለም ቫናዲየም ከሚወጣበት ድንጋይ ጋር ከአንድ ቤተሰብ ነው። ነገር ግን ማዕድኑን ሳያቀልጡ ቫናዲየም የለም። የእኛ የፌሮ ፋብሪካዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚያቀልጡት ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ወይም ከውጭ የመጣ ብረት አሙቀው ፌሮ አድርገው ያወጡታል። ከእነሱ ምድጃ የሚወጣው ጥቀርሻ ስለ ቢቅላል የሚያውቀው ነገር የለም። ጉጂ ውስጥ ያለው ቀንጢቻ ታንታለሙን ለዓመታት በጥሬው ወደ ውጭ ሲልክ መኖሩን የሚያስታውስ ሰው፣ ቀጣዩ ማዕድን በጥሬው እንዳይሄድ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

የራሴን ግምት ልናገር። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ወደ የካ ግቢዎች የሚገባው ሊቲየም ነው፤ ዋጋው ወርዷል፣ ተከላው ቀላል ነው፣ ነጋዴው በእጁ ይዞታል። ቢሆንም የቫናዲየም ባትሪን ዩኒቨርሲቲዎቻችን በትንሹም ቢሆን ሠርተው ቢያስተምሩበት እወዳለሁ። ምክንያቴ የሊቲየም ክፍል ተዘግቶ መጥቶ ተዘግቶ የሚጣል ዕቃ መሆኑ ነው። የቫናዲየሙ ባትሪ ታንከር፣ ቧንቧ፣ ፓምፕና መገጣጠሚያ ነው፤ ግማሹን ሥራ የቧንቧ ሠራተኛ ያውቀዋል። ፓምፑ ሲበላሽ ይፈታል፣ ይጠገናል፣ ይገጠማል። አገር ውስጥ ሊሠራ የሚችለው ድርሻ ሰፊ ነው፤ ከውጭ የግድ የሚመጣው ፈሳሹ፣ የካርቦን ጨርቁና ስስ ሽፋኑ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ለቤታችሁ ወይም ለድርጅታችሁ ማንኛውንም ባትሪ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩን አቅሙ ስንት ኪሎዋት እንደሆነ ብቻ አትጠይቁት። ያንን አቅም ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ስንት ሺህ ጊዜ ሞልቶ እንደሚወርድ፣ ሲያረጅስ ማን እንደሚረከበው ጠይቁት። ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሻጮች ገና አልተለማመዱትም፤ እናንተ አለማምዷቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የደከመ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከጋራዥ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ እንነጋገራለን።